የሃምሳ አለቃ አስካለ ጥርጣሬ

ሃምሳ አለቃ አስካለ ሞተች ብሎ የነገረኝን ሰው አላመንኩትም።

አየር ጤና የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነበር። ከኋላዬ መጥቶ ትከሻዬን ነካ ያደረገኝ ደሳለኝ ነው፤ ድሮ እኔ በምሠራበት መጋዘን ጥበቃ የነበረ፣ ሳይስቅ ወሬ የማይጀምር ሰው። ያን ዕለት ሳይስቅ ጀመረ።

«ሃምሳ አለቃ አርፋለች። አልሰማሽም?»

«ማን ነገረህ?»

«ሰው ነዋ!»

«የትኛው ሰው? አይቶ ነው ሰምቶ?»

ደሳለኝ አፉን ከፍቶ አየኝ። «አቤት አቤት፣ ሙሉ! እሷ ስትሄድ አንቺን ተክታ ነው እንዴ?» አለና ወዲያው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ድንኳኑን በዓይኔ አይቻለሁ። ዓለም ባንክ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ። ቀብሯ ትናንት ነበር። ይበቃሻል?»

በቃኝ። ከሰልፉ ወጥቼ ወደ ዓለም ባንክ ሰፈር የሚሄደውን ታክሲ መፈለግ ጀመርኩ። የጠየቅኩት ጥያቄ የራሴ እንዳልነበረ የገባኝ መንገድ ላይ ነው። «አይቶ ነው ሰምቶ» የእሷ ጥያቄ ነበር። ከእሷ ጋር በሠራሁባቸው ዓመታት ስንት ሰው አንገቱን ደፍቶ «ሰምቼ ነው» ሲላት አይቻለሁ።

መጋዘናችን ከአየር ጤና ወደ ዓለም ባንክ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው፤ ዘይት፣ ስኳርና ሳሙና ይራገፍበታል። እኔ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ፊደል የቆጠርኩት እኩዮቼ ዲፕሎማ በሚይዙበት ዕድሜ፣ በማታ ትምህርት ስለሆነ ሥራውንም ያገኘሁት ዘግይቼ ነው። ሃምሳ አለቃ አስካለ በር ላይ ሴት ፈታሽ ነበረች። ከዚያ በፊት ዕድሜዋን የፈጀችው በሠራዊቱ የመሣሪያ ጥገና ክፍል ውስጥ ነው። አጭር ናት፤ ጥቁር ሻሽ ግንባሯ ድረስ አጥብቃ ታስራለች፤ የአውራ ጣቷ ጥፍር ሥር የገባው የዘይት ጥቁረት በሎሚም በሳሙናም አይለቅም። ሰው ሲመጣ ፊቱን አታይም። መጀመሪያ እጁን ነው የምታየው።

«ፊት ቤቱ ተለማምዶ ይመጣል» ትላለች። «እጅ ግን ሳይዘጋጅ ነው የሚመጣው።»

እንደተቀጠርኩ ሰሞን «እርስዎ» ብዬ አናገርኳት። ቦርሳዬን መበርበሯን አቁማ ቀና አለች።

«ምን ደብቀሻል?»

«እኔ? ምንም።»

«ታዲያ አንቱታው ምንድን ነው? ሰው አንቱ ካለኝ ሊያዘናጋኝ ነው። አስካለ በዪኝ። ከከበደሽ ሃምሳ አለቃ በዪኝ። ግን አንቺ በዪኝ።»

ከቦርሳዬ ውስጥ መጽሐፍ አገኘች። ጀርባውን ይዛ ገልብጣ አራገፈችው። ምንም ነገር ስላልወደቀ ይባስ ጠረጠረች። «ይሄን ሁሉ ብቻሽን ነው የምታነቢው? ለማን ልትነግሪ?» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ «ተማሪዋ» ሆነ። ልጅ በማደርስበት ዕድሜ ተማሪዋ መባል ደስ አይልም ነበር። በኋላ ግን ሌላ ሰው በስሜ ሲጠራኝ የሆነ ነገር የጎደለ ይመስለኝ ጀመር።

ድርጅቱ ለጥበቃ ፈቃድ ያወጣባቸው ሦስት ክላሾች ነበሩት። ጥበቃዎቹ ትከሻ ላይ በማይሆኑበት ሰዓት በእኔ ግምጃ ቤት ባለ የብረት ሣጥን ውስጥ ይቆለፋሉ። ሣጥኑ ሁለት ቁልፍ ነበረው፤ አንዱ እኔ ጋ፣ አንዱ እሷ ጋ። ያለ አንዳችን ሌላችን አንከፍተውም። ይህን ደንብ ያመጣችው ራሷ ናት። «አንድ ሰው ብቻ የያዘው ቁልፍ ቁልፍ አይደለም፤ እጀታ ነው» ብላ ሥራ አስኪያጁን አሳመነችው።

መሣሪያ የምትወለውለው ቅዳሜ ከሰዓት ነው፣ መስኮቱ ሥር ባለው ጠረጴዛዬ ላይ። መጀመሪያ ነጭ አንሶላ ታነጥፋለች፤ የወደቀች ትንሽ ብረት ነጭ ላይ መደበቂያ የላትም። የጥይት ካዝናውን ነቅላ፣ ውስጡን በዓይኗ አይታ፣ በትንሽ ጣቷ ዳስሳ፣ እኔንም «እዪ» ብላ ታሳየኛለች፤ ጥይት እንደሌለ ሁለታችን ካላየን ሥራው አይጀመርም። ከዚያ ከወታደር ሸራ የሰፋችውን ጥቅል ትፈታለች። በውስጡ ፒን ማውጫዎቿ ተደርድረዋል፤ የጠመንጃውን ብረቶች አያይዞ የሚይዘውን ፒን በመዶሻ ቀስ አድርጎ ከቀዳዳው ለማስወጣት የሚያገለግሉ፣ ጫፋቸው ጠፍጣፋ የሆነ ቀጫጭን ብረቶች። አጭር አለ፣ ረጅም አለ፣ እንደ ስንደዶ የቀጠነ አለ። አንዱ ብጫ ነው፤ የናስ።

እኔ መጽሐፌን ይዤ እቀመጣለሁ። እሷ ለእኔ ይሁን ለጠመንጃው ሳይታወቅ ታወራለች።

«ከፒኑ ጥቂት የሚቀጥነውን ነው የምትመርጪው። ከወፈረ ቀዳዳውን ያሰፋል፤ በጣም ከቀጠነ ይታጠፍና ፒኑን መሃል ላይ ያስቀረዋል። አጭሩን ታስቀድሚያለሽ። አጭር አይታጠፍም። ፒኑ ከቦታው ነቅነቅ ካለ በኋላ ነው ረጅሙ የሚገባው።»

«ናሱስ?»

«ናስ ራሱ ይጎዳል እንጂ ጠመንጃውን አያቆስልም። የማታውቂውን ፒን በናስ ነው የምትጀምሪው። እና ደግሞ አንዳንዱ ፒን የሚወጣው በአንድ በኩል ብቻ ነው። በዚያኛው ብትደበድቢው እያጠበቅሽው ነው። ሰው አልወጣ ሲለው መዶሻ ይቀይራል። እኔ ዞሬ በወዲያ በኩል አየዋለሁ።»

ሥራዋ ሁልጊዜ በአንድ ነገር ይዘጋል። ጥይቱን ከኋላ የሚዘጋው፣ መዝጊያ የምትለው ብረት አለ፤ በውስጡ የጥይቱን ቂጥ የምትመታ ቀጭን መርፌ ተሰክታለች። መርፌዋ በውስጡ ልቅ ስለሆነች መዝጊያው ሲነቀነቅ ትንቀጫቀጫለች። ሃምሳ አለቃ መዝጊያውን ጆሮዋ ሥር አስጠግታ ትነቀንቀዋለች፤ ዓይኗን ጨፍና ትሰማለች። «አለች» ትላለች። ከዚያ በፊት ዕቃዋን አትጠቀልልም።

አንድ ጊዜ አጭሩ ፒን ማውጫ ጫፉ ስለተሸረፈ አብረን አየር ጤና የዕቃ መሸጫ ሄደን ነበር። ባለ ሱቁ ገና ከመግባቷ «ኦርጅናል ነው፣ የጀርመን ነው» አላት። እሷ መልስ ሳትሰጥ ብረቱን መስታወቱ ላይ አስተኝታ በጣቷ አንከባለለችው። ዘለለ።

«ጀርመን ጎብጧል» አለችው።

«እትዬ፣ ሊያገቡት ነው እንዴ? ቁመናውን ነው የሚያዩት?»

«ጎባጣ ባል እኮ ይታገሡታል። ሌላ አምጣ።»

ያለውን ሁሉ እያንከባለለች አንዱን መረጠች፤ ያንኑም ጫፉን በሞረድ ጭራ አየችው። «ለምን ሥራ ነው?» ሲላት ዓይኗን ሳትሰብር «ለስፌት ማሽን» አለች። ውጭ ስንወጣ ለምን እንደዋሸች ጠየቅኳት።

«ጥያቄው ለምን አስፈለገው?» አለች። በቃ። መልሱ ይኸው ነበር።

ከእንዲህ ያለች ሴት ጋር መሥራት ቀላል አልነበረም። ሻይ የምታመጣልንን ልጅ ስኳሩን ከየት እንዳመጣች ትጠይቃለች። ስኳር የሚያራግፍ መኪና ሲመጣ የሾፌሩን ረዳት ጫማ ታስወልቃለች። ደሳለኝ «ሃምሳ አለቃ መስተዋት ስታይም መታወቂያ ትጠይቃለች» እያለ ያስቀን ነበር። እሷም ትሰማለች፤ አትቆጣም። «ደሳለኝ የሚስቀው ጥርሱን ሊያሳይ ነው ወይስ ኪሱን ልረሳለት?» ትልና ኪሱን ትፈትሸዋለች።

ከጥበቃዎቹ በዕድሜ ትልቁ ጋሽ ወልዴ ነበሩ። ከደቡብ ምዕራብ በልጅነታቸው መጥተው መርካቶ ሲነግዱ የኖሩ፣ ንግዱ ሲወድቅ ጥበቃ የገቡ፣ ዝምተኛና ንጹሕ ሰው። አንድ ዓመት ከፋሲካ በኋላ ባለቤታቸው ሞተችባቸው። ልጅ አልነበራቸውም። ሐዘናቸውን ተቀምጠው ሲመለሱ እንደ ድሮው ጫማቸውን ቀብተው፣ ክላሻቸውን ተረክበው ቆሙ። ሁላችንም «እግዜር ያጥናዎት» ብለን ወደየሥራችን ተመለስን።

ሐምሌ እንደገባ ጋሽ ወልዴ ጃንጥላቸውን ለደሳለኝ ሰጡት። እጀታው እንጨት የሆነ፣ አንዱ ዘንጉ በመዳብ ሽቦ የተጠገነ ትልቅ ጥቁር ጃንጥላ ነው። ሬዲዮናቸውን ደግሞ ለሻይዋ ልጅ ሰጡ። ግቢው በምርቃት ሞላ። ደሳለኝ ጃንጥላውን ዘርግቶ በግቢው መሃል እንደ ካህን እየተንጎራደደ፣ «ጋሽ ወልዴ ጻድቅ ሆነዋል! በሚቀጥለው ሳምንት ጫማቸውን ነው የምጠይቀው!» አለ። ጋሽ ወልዴም ፈገግ አሉ።

ሃምሳ አለቃ ብቻ አልሳቀችም። ቀስ ብላ ወደ ግምጃ ቤቱ መጣችና መስኮቱ ላይ ተደገፈች።

«ተማሪዋ፣ በሐምሌ ጃንጥላውን የሚሰጥ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ደግ ሰው ናቸዋ።»

«ደግ ሰው በጥቅምት ይሰጣል» አለችና ሄደች።

ደግነትን እንኳ የምትጠረጥር ሴት ብዬ ተናደድኩ። በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ግን እኔ ራሴ እሷን መጠርጠር ጀመርኩ።

እንደ ሁልጊዜው አንሶላዋን አንጥፋ ሠራች። ጋሽ ወልዴ የሚይዙትን ክላሽ መጨረሻ አደረገችው። በዝናብ ወቅት እርጥበት መርፌዋ ጋ ስለሚገባ መዝጊያውንም ትፈታለች፤ በናሱ ጀመረች፣ አጭሩን አስከተለች፣ በረጅሙ ጨረሰች። ሁሉም እንደ ደንቡ ነበር። መልሳ ገጠመችው። ዓይኔ መጽሐፉ ላይ፣ ጆሮዬ ግን እሷ ጋ ነበር፤ «አለች» የምትለውን እጠብቃለሁ። አላለችም። መዝጊያውን ወደ ጆሮዋ አላስጠጋችም። ክላሹን ሣጥን ውስጥ አስገብታ፣ ቁልፏን ቆልፋ፣ «ቆልፊ» አለችኝ። ስትወጣ ቀኝ እጇ ብብቷ ሥር ገባ ብሎ ወጣ።

ሣጥኑን ቆልፌ ወደ መጽሐፌ ተመለስኩ። ግን ሰው ለዓመታት ያልዘለለውን ነገር አንድ ቀን ሲዘል፣ ነገሩ ዝም ብሎ እንዳልሆነ ያስተማረችኝ ራሷ ናት።

ከዚያ በኋላ ነገር ተደራረበ። የሥራ ሰዓቷ ሲያልቅ ወደ ቤቷ አትሄድም፤ ጋሽ ወልዴ በሚጠብቁበት ተራ ሁሉ በር አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ትቀመጣለች። አግዳሚውንም ፊቱን አዙራዋለች፤ በፊት ወደ መንገዱ ያይ ነበር፣ አሁን ወደ ጥበቃ ቤቱ መስኮት ያያል። ጠዋት ገና በር ሳይከፈት ስመጣ ሁለቱን አንድ ላይ አገኛቸዋለሁ። አይነጋገሩም። ቀርቤ ስሰማም ዝም ነው።

«ሃምሳ አለቃ፣ ሰዓትሽ እኮ አልፏል። አትሄጂም?»

«ቤቴ የሚጠብቀኝ ድመት እንኳ የለም።»

«ጋሽ ወልዴን ትጠረጥሪያቸዋለሽ?»

«አዎ።»

«በምን?»

«ስጨርስ እነግርሻለሁ።»

ቤቴ ገብቼ ነገሩን ገጣጠምኩት። መርፌዋ የወጣች ጠመንጃ፣ ዕቃቸውን አከፋፍለው የጨረሱ ዘበኛ፣ ያለ ሰዓቷ የምታድር ፈታሽ፣ ስኳር ሞልቶ የተቆለለበት መጋዘን። ወይ እሷ በሳቸው ላይ ወጥመድ ዘርግታለች፣ ወይ ሁለቱ በእኛ ላይ። የትኛውም ቢሆን የሣጥኑ ሁለተኛ ቁልፍ አንገቴ ላይ የተንጠለጠለው ነው። መጋዘኑ ቢዘረፍ ፖሊስ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የማንን ቤት እንደሆነ ለማወቅ ብዙ ማንበብ አያስፈልግም።

የሚቀጥለውን ቅዳሜ ጠበቅኩ። ሁለቱን ክላሾች ወለወለች። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ «ይቺ ትቆይ፤ ባለፈው ተነክታለች» አለችና ሣጥኑን ዘጋች። ስናውቃት በክረምት ሳይወለወል የሚያልፍ ጠመንጃ የለም! «ለምን ትቆያለች?» አልኳት። እጄን አየች፤ ቁልፉን አጥብቄ ይዤ ነበር።

«ጠርጥረሻል» አለች። ደስ ያላት ትመስል ነበር። «ጥሩ። ትንሽ ታገሺኝ።»

መታገሥ አልፈለግኩም። ሰኞ ጠዋት ለሥራ አስኪያጁ ልነግረው ወሰንኩ፤ ያየሁትን ብቻ፣ ያሰብኩትን ሳልጨምር። ሰኞ ጠዋት ግን ከእኔ በፊት የመሣሪያ ፈቃድ ቁጥጥር መጣ።

ተቆጣጣሪው ጎልማሳ ሰው ነበር፣ ችኩል ያልሆነ። ክላሾቹን ግምጃ ቤት ጠረጴዛዬ ላይ አስደረደራቸው። ሥራ አስኪያጁ፣ ጋሽ ወልዴ፣ ደሳለኝ፣ ሃምሳ አለቃና እኔ ዙሪያውን ቆመናል። ቁጥራቸውን አየ። የመጀመሪያውን ፈታ፣ መዝጊያውን አውጥቶ ነቀነቀው፤ ተንቀጫቀጨ። ሁለተኛውም ተንቀጫቀጨ። ሦስተኛውን ነቀነቀ። እንደገና ነቀነቀ። ጆሮው ሥር አደረገው።

«የዚህ መርፌ የት አለ?»

ሥራ አስኪያጁ ፊቱ ቀላ። «ጋሽ ወልዴ! ይሄን መሣሪያ የሚይዙት እርስዎ አይደሉም?»

የጋሽ ወልዴን ፊት ሳይሆን እጃቸውን አየሁ። አልተንቀጠቀጠም፣ አልተደነቀም። እንደሚያውቅ ሰው እጅ ጭናቸው ላይ ዝርግት ብሎ ነበር። መርፌዋ እንደሌለች ያውቃሉ! አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ሃምሳ አለቃ ቀደመቻቸው።

«እኔ ጋ ነች» አለች። ከብብቷ ትንሽ የጨርቅ ቋጠሮ አወጣች፤ ውስጧ መርፌዋ በዘይት ታሽታ ታበራለች። «ስወለውል አወጣኋት። መመለሱን ረሳሁት።»

ደሳለኝ ብቻውን ሳቀ። ቀልድ መስሎት ነበር። ሌላ ሰው አለመሳቁን ሲያይ ተወው።

«ረሳሁት?» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ሃምሳ አለቃ አስካለ ረሳሁት ትበል?»

«ረሳሁት።»

ተቆጣጣሪው መዝጊያውን ወደ እሷ ገፋው። «መልሺያት እስቲ።»

አንሶላዋን አነጠፈች። ፒኗን አወጣች፣ መርፌዋን ከተተች፣ ፒኗን በትክክለኛው በኩል በናሱ ቀስ እያደረገች መለሰች። አንድም ተጨማሪ ምት አልነበረውም። ጆሮዋ ሥር ነቀነቀችው። «አለች» አለች፣ በጣም ቀስ ብላ። ሰውየው እጇን ሲያይ ቆይቶ፣

«እንዲህ የሚሠራ እጅ ይረሳል?» አላት።

«ያረጃል» አለችው።

በነጋታው ተባረረች። ጥፋቱ ቸልተኝነት ነው ተባለ፤ ቃሉ ግድግዳ ላይ ሁሉ ተለጠፈ። ለሃምሳ አለቃ አስካለ ከዚህ የከፋ ስም አልነበረም። ሌባ ቢሏት ይቀላት ነበር፤ ሌባ ቢያንስ ሥራውን ያውቃል። ከዚያ ወዲያ መሣሪያ እንድትነካ የሚፈቅድላት ቦታ አልተገኘም። ኋላ የሰርግ አዳራሽ በር ላይ የሴቶች ቦርሳ ስትፈትሽ አይተናታል ይሉ ነበር።

ስትወጣ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። የሸራ ጥቅሏን የያዘችበትን ቦርሳ ወደ እኔ ዘረጋች።

«ፈትሺኝ።»

«ኧረ ተዪ፣ ሃምሳ አለቃ...»

«ፈትሺኝ አልኩሽ። ዛሬ ሳልፈተሽ ብወጣ ነገ የሚጠፋው ሁሉ በእኔ ነው።»

ፈተሽኳት። ፒን ማውጫዎቿ፣ አንሶላዋ፣ አንድ ኩባያ። ደፍሬ «አልረሳሽም» አልኳት።

«ተማሪዋ» አለች፣ ቦርሳዋን እየዘጋች፣ «መጽሐፍ ስታነቢ ከኋላ ነው እንዴ የምትጀምሪው?»

ሄደች። እኔ ጥርጣሬዬን ይዤ ቀረሁ። መጋዘኑ አልተዘረፈም። ጋሽ ወልዴ እስከ ጡረታቸው ድረስ ሠርተው በሰላም ወጡ። በክረምት ሁሉ ስለሷ አስባለሁ፤ መርፌዋን ለምን እንዳወጣች አንዴ እንዲህ፣ አንዴ እንዲያ እያልኩ። የትኛውም ፒኑን አላወጣልኝም።

ዓለም ባንክ ስደርስ ደሳለኝ ያለው ድንኳን እውነትም ተጥሏል። የእህቷ ልጅ ተቀበለችኝ። እዝን ቀምሼ ስቀመጥ ልጅቷ ከክፍሉ የሸራውን ጥቅል አምጥታ አሳየችኝ። «እርስዎ ሥራ ቦታዋ ነበሩ አሉ። ይሄ ለምንድን ነው የሚያገለግለው? እኛን ለስፌት ማሽን ነው ትለን ነበር፤ ማሽን ግን የላትም።» ሐዘን ቤት መሆኑን ረስቼ ሳቅኩ። ከዚያም ማልቀስ ጀመርኩ፤ መሞቷን ያመንኩት ያን ጊዜ ነው።

ድንኳኑ በር ላይ ጋሽ ወልዴ ተቀምጠዋል። አርጅተዋል፤ ጫማቸው ግን እንደ ድሮው ተቀብቷል። ጉልበታቸው መሃል ጃንጥላ አቁመዋል። እጀታው እንጨት ነው። አንዱ ዘንጉ በመዳብ ሽቦ ተጠግኗል።

ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ከሰላምታ በፊት ዓይኔ ጃንጥላው ላይ እንደቀረ አዩ።

«አዎ፣ ያው ነው» አሉ።

«ለደሳለኝ አልሰጡትም ነበር?»

የእንጨት እጀታውን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። የድንኳኑ ሸራ ላይ ዝናብ መንጠባጠብ ጀምሯል።

«ሙሉ፣ ያን ክረምት እኔ ከሐምሌ ወዲያ ያለውን አላስብም ነበር። ባለቤቴ ከሄደች በኋላ ቤቱ ባዶ ሆነብኝ፤ ለማን እንደምኖር ጠፋኝ። ለማንም አልተናገርኩም። ዕቃዬን ሳድል ሁሉም መረቀኝ።» ድምፃቸው ቀጠነ። «አንድ ንጋት ላይ፣ እዚያ ጥበቃ ቤት ውስጥ... ጠመንጃው እምቢ አለኝ። ጭጭ አለ። ሁለተኛ ለመሞከር ጉልበት አጣሁ። ወጣሁ። እሷ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። ይቺን ጃንጥላ ከደሳለኝ አስመልሳ ጉልበቷ ላይ አስተኝታታለች።»

«ምን አለችዎ?»

«‹ጋሽ ወልዴ፣ ጃንጥላዎን ረስተዋል› አለችኝ። አልረሳሁም፣ ሰጥቻለሁ አልኳት። ‹ረስተዋል አልኩዎ እኮ!› ብላ ተቆጣችኝ። ተቀበልኳት። ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። እሷ ወደ መንገዱ ታይ ነበር።»

«ታዲያ ያን ቀን፣ ሰውየው ሲመጣ...»

«ልናገር ነበር እኮ። ቀደመችኝ። ኋላ ቤቷ ሄጄ ለምን ብዬ ብጠይቃት፣ ‹የረሳ ሰው ይባረራል፣ የታመመ ሰው ይወራበታል። መባረር ይሻላል› አለችኝ። ከዚያ ወዲያ በየእሑዱ ትመጣለች። ስትገባ ሰላም እንኳ ሳትለኝ በሩን ገልበጥ አድርጋ ጃንጥላው ከኋላው መሰቀሉን ታያለች። ካላየች አትቀመጥም። በበጋም! አመኚኝ እንጂ እላታለሁ። ‹ገና ነኝ› ትለኛለች።» ፈገግ አሉና በመዳፋቸው ዓይናቸውን ጠረጉ። «ገና እንደሆነች ሄደች።»

ስኳር ሊዘርፉ ነው ብዬ አስቤ የነበረውን አልነገርኳቸውም።

ዝናቡ በረታ። ልሄድ ስነሣ ጋሽ ወልዴም ተነሡና ጃንጥላውን ዘረጉልኝ።

«ውሰጂው። እስከ ታክሲው ትበሰብሻለሽ። እኔ እዚሁ ነኝ።»

ነሐሴ ነው። የምትፈትሻቸው ሴት ትናንት ተቀብራለች። እጃቸውን አየሁ።

«አልወስድም፣ ጋሽ ወልዴ።»

«ኧረ ውሰጂ! በኋላ ትመልሺልኛለሽ።»

«አብረን እንሂድና ከፌርማታው እርስዎ ይዘውት ይመለሱ።»

ለቅጽበት አተኩረው አዩኝ። ከዚያ ትከሻቸው በሳቅ ተንቀጠቀጠ። «አንቺም?» አሉኝ።

«እኔም።»

እሳቸው ያዙት፣ እኔ ክንዳቸውን ያዝኩ፣ ጭቃውን እየዘለልን እስከ ፌርማታው ሄድን። በየትኛው እሑድ ቤታቸው እንደምመጣ እዚያው ነገርኳቸው። ታክሲው ሲነሣ በእጄ የመስኮቱን ጉም ጠርጌ ወደ ኋላ ዞርኩ። ጃንጥላው እጃቸው ላይ ነበር። እስኪሰወሩኝ ድረስ አየሁት።